ምጣዱ ሲጣድ ሻወር መግባት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው የምኖረው። ቤታችን ውስጥ አምስት ሰው አለ። ቆጣሪያችን ሲንግል ፌዝ ነው፤ ዋናው ብሬከር ላይ 32 ይላል። ምጣዳችን 3.5 ኪሎዋት ነው። አሁን ውሃውን እዚያው የሚያሞቅ ባለ 5.5 ኪሎዋት ሻወር ልናስገባ ነው። ሠራተኛው «ሶኬት አለ፣ እሱ ላይ እንሰካዋለን» አለኝ። እናቴን ክረምት ላይ ስለሚበርዳት የክፍል ማሞቂያም አስቤያለሁ። መስመሩ ይችላል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሠራተኛውን ትንሽ ያስታግሱልኝ።

32 ማለት 32 አምፔር ነው። በ220 ቮልት ሲባዛ 7 ኪሎዋት ገደማ ይመጣል። ቤትዎ በአንድ ጊዜ መሳብ የሚችለው ይህንኑ ነው። ጣና በለስ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ የእርስዎ ብሬከር ግን ይህ አይገባውም።

ምጣዱና ሻወሩ ሲደመሩ 9 ኪሎዋት ናቸው። ለ220 ያካፍሉት፣ 41 አምፔር ይሆናል። እርስዎ እየጋገሩ ልጅዎ ሻወር ከገባ ብሬከሩ ይወርዳል። ይሄኔ «በትልቅ ብሬከር ቀይሩት» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። እንዳይሰሙት! ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሽቦው ባለበት ብሬከሩን ማሳደግ ግድግዳ ውስጥ እሳት መቅበር ነው።

የሶኬቱ ነገር ጭራሽ አይሆንም። ሻወሩ ብቻውን 25 አምፔር ይስባል፤ ሶኬቱ የሚችለው ቢበዛ 16 ነው። ቀዳዳው ዙሪያ ቡናማ ሆኖ ፕላስቲኩ የሚሸት ሶኬት አይተው ያውቁ ይሆናል። መጨረሻው እሱ ነው። ሻወሩ የግድ ከተባለ ከቦርዱ የራሱ ባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ የራሱ 32 ብሬከርና ደህና ኤርዝ (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) ይፈልጋል። ያኔም ቢሆን ከምጣዱ ጋር አብሮ አይሠራም።

እኔን ከጠየቁኝ ባለ 50 ሊትር ቦይለር ይግዙ። 1.5 ኪሎዋት ይበቃዋል። 20 ዲግሪ የነበረን ውሃ 60 ለማድረስ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ማለትም አንድ ሰዓት ተኩል ያህል። ከቀዝቃዛ ጋር ሲቀላቀል አምስት ጀሪካን ለብ ያለ ውሃ ይወጣዋል። ለአንድ ሰው አንድ ጀሪካን ማለት ነው። መብራት ቢጠፋም የሞቀው ውሃ አለ። ያ ሻወር ግን መብራት ከሌለ የለም። ማታ ማታ ኃይል ሲቀንስም ይለግማል፦ ቮልቱ 180 ከደረሰ ከ5.5 ኪሎዋቱ የሚቀረው 3.7 ብቻ ነው። ሰው ዕቃው ተበላሸ ብሎ ይመልሰዋል፤ ዕቃው ምንም አልሆነም።

ቦይለሩም ቢሆን የራሱ ባለ 2.5 ሽቦና 16 ብሬከር ይኑረው። ኤርዙን አደራ፣ ውሃ ያለበት ቦታ ነው። ከምጣዱ ጋር 23 አምፔር ይሆናሉ። ለፍሪጅ፣ ለቴሌቪዥንና ለአምፖል 9 ይተርፋል።

የክፍል ማሞቂያው? ባሕር ዳር ነን እንጂ ደብረ ብርሃን አይደለንም። ግን ለእናትዎ ከሆነ አልከራከርም። ባለ 2 ኪሎዋት ማሞቂያ ያንኑ የተረፈውን 9 አምፔር ጠርጎ ይወስዳል። ስለዚህ ምጣዱ ሲወርድ ይብራ። ደግሞ ዲቫይደር ላይ አይሰኩት፤ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሁን።