ባክዶር ሮት ሠርተን ታክስ ድጋሚ ከፈልን፤ ይመለስልናል?

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ2024 ገቢያችን 260,000 ዶላር ገደማ ስለነበረ ሮት አይአርኤ (ታክስ የተከፈለበት ገንዘብ የሚቆጠብበት የጡረታ ሂሳብ) ውስጥ በቀጥታ ማስገባት አልቻልንም። እያንዳንዳችን 7,000 ዶላር ትራዲሽናል አይአርኤ (የሚያስገቡት ከገቢ ሊቀነስ የሚችል፣ ሲወጣ ታክስ የሚከፈልበት የጡረታ ሂሳብ) ውስጥ ከተትንና በዚያው ወር ወደ ሮት አዛወርነው፤ ባክዶር ሮት የሚሉት ይሄንን ነው። ታክስ የሚሠራልን ሰው 14,000ውን በሙሉ ገቢያችን ላይ ደመረው። ባለቤቴ ከቀድሞ ሥራው 401ኬ (በመሥሪያ ቤት በኩል ከሚቆጠብ የጡረታ ሂሳብ) ያዞረው 63,000 ዶላርም በሌላ አይአርኤ አለው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ የእርስዎ ይመለሳል። የባለቤትዎ አብዛኛው አይመለስም።

ነገሩ የተበላሸው ፎርም 8606 (አይአርኤ ውስጥ ያለ ታክስ የተከፈለበት ገንዘብ የሚመዘገብበት ቅጽ) ባለመሞላቱ ይመስለኛል። ባንኩ የሚልከው 1099-አር (ከጡረታ ሂሳብ የወጣ ገንዘብን የሚያሳይ ቅጽ) ላይ ያዛወሩት ገንዘብ በሙሉ ታክስ የሚከፈልበት መስሎ ይጻፋል። ግን ከጎኑ «ታክስ የሚከፈልበት መጠን አልተወሰነም» የሚል ሳጥን አለ፣ ምልክትም ይደረግበታል። ባንኩ ገንዘቡን ሲያስገቡ ከገቢዎ ላይ ቀንሰውት እንደሆነና እንዳልሆነ አያውቅም። ያንን ለአይአርኤስ (ለፌዴራሉ ታክስ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) የሚነግሩት እርስዎ ነዎት፣ በ8606። ብዙ ታክስ ሠሪ ቁጥሩን ከ1099-አር ገልብጦ ያልፋል። እውነቱን ለመናገር ይሄ ያናድደኛል።

በመጀመሪያ ግን ከታክስ ቅጻችሁ ጋር የሚያያዘው ስኬጁል 1 ላይ መስመር 20ን ይዩ። እዚያ ለአይአርኤ የተቀነሰ ገንዘብ ከሌለ 7,000ው ታክስ የተከፈለበት ነው። በ8606 የመጀመሪያ ክፍል ያስገቡትን፣ በሁለተኛው ክፍል ያዛወሩትን ይጽፋሉ። በመካከል 4 ዶላር ወለድ ካገኘ ታክስ የሚከፈለው በ4 ዶላሩ ብቻ ነው። በዋናው የታክስ ቅጽ በ1040 መስመር 4ኤ ላይ ሙሉው፣ 4ቢ ላይ ታክስ የሚከፈልበት ይገባል። በገቢያችሁ ደረጃ በሚከፈለው 24 በመቶ ሲሰላ የእርስዎ ተመላሽ ወደ 1,680 ዶላር ነው።

የባለቤትዎ ይለያል። አይአርኤስ የአንድን ሰው ትራዲሽናል አይአርኤዎች በሙሉ እንደ አንድ ድስት ነው የሚያያቸው። «እኔ ያዛወርኩት አዲሱን 7,000 ነው» ማለት አይቻልም። በታኅሣሥ 31 የቀረው 63,000 እና የተዛወረው 7,000 ይደመራሉ፤ 70,000። ታክስ የተከፈለበት አሥር በመቶው ብቻ ነው። ስለዚህ ከ7,000ው 700ው ነፃ ነው፣ 6,300ው ታክስ ይከፈልበታል። ታክስ ከተከፈለበት 7,000 ያልተጠቀመበት ቀሪ 6,300 ግን አይጠፋም። በ8606 ተመዝግቦ ለሚቀጥሉት ዓመታት ይተላለፋል፤ ያልተመዘገበ ደግሞ ኋላ ድጋሚ ታክስ ያስከፍላል። ደግነቱ የእሱ 63,000 የእርስዎን ሂሳብ አይነካም። አብራችሁ ፋይል ብታደርጉም 8606 ለየብቻ ነው የሚሞላው።

ማስተካከያው በ1040-ኤክስ ነው፣ ሁለቱን 8606 አያይዛችሁ። ለተመላሽ ያላችሁ ጊዜ ፋይል ካደረጋችሁበት ቀን 3 ዓመት ነው። በጊዜው ፋይል አድርጋችሁ ከሆነ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ 2028 ማለት ነው። 8606 ባለመሙላት 50 ዶላር ቅጣት አለ፣ በቂ ምክንያት ካቀረቡ ግን ይነሳል። የቨርጂኒያው ታክስም ከፌዴራሉ ገቢ ስለሚነሳ አብሮ ይታረም።

ባለቤትዎ ባክዶሩን መቀጠል ከፈለገ አሁን የሚሠራበት ቦታ 401ኬ ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ ይቀበል እንደሆነ ይጠይቅ። ከተቀበለ 63,000ውን ወደዚያ ያዛውር፣ አዲሱን ገንዘብ ወደ ሮት በሚያዛውርበት ዓመት ታኅሣሥ 31 ሳያልፍ። ለ2024 ግን ረፍዷል።