ስለ ትልና ስለ ከብት ጠይቁኝ

የከብት ሐኪም ነኝ፤ ሥራዬም እዚሁ ጎጃም ነው። ዛሬ ማታ ጊዜ አለኝ። ስለ ትል ያላችሁን አምጡ።

ከመራዊ፦ ዶክተር፣ በሬ ብዙ ዓይነት ትል ሲኖርበት ከአንድ ዓይነት ይብሳል?

ብዙ ጊዜ አዎ፤ ግን እንዲሁ ተደምሮ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ሰውነት ትልን የሚዋጋበት መንገድና ጀርም የሚዋጋበት መንገድ ለየቅል ነው። ወደ አንዱ ሲያደላ ሌላው ይላላል። ደቡብ አፍሪካ፣ ክሩገር ፓርክ ውስጥ ለዱር ጎሾች የትል መድኃኒት ሰጥተው ተከታተሏቸው። ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ወጣ። መድኃኒት ያገኙት በሳንባ ነቀርሳ የመሞት ዕድላቸው በዘጠኝ እጥፍ ገደማ ቀነሰ። ደስ ይላል አይደል? ቆዩማ። በነቀርሳው መያዛቸው አልቀነሰም። በሽታውን ተሸክመው ረጅም ጊዜ ስለሚቆዩ ለሌሎቹ ያዳርሱታል። ለጎሿ ደግ፣ ለመንጋው ክፉ።

ከዳንግላ፦ ላሜ የጉበት ትል አለባት ተብዬ አልቤንዳዞል ሰጠኋት። አልተሻላትም።

አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ነው። ጉበት እየቦረቦረ የሚሄደውን ጩጬ አይነካውም፤ ለሱ ትሪክላቤንዳዞል ይሻላል። በዚያ ላይ ረግረግ ዳር የምትግጥ ከሆነ የትሉ ጩጬ ከሚያድግበት ቀንድ አውጣ እንደገና ይይዛታል። ቄራ ስገባ እንዲህ ዓይነቱን ጉበት ሳልቆርጠው አውቀዋለሁ። ቢላው ሲያልፍ አሸዋ እንደነካ ኮሽ ይላል፤ የሐሞት ቱቦው እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ጫን ሲሉት ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል ከሐሞቱ ጋር ይወጣል። ለመራዊው ጠያቂም አንድ ልጨምር፦ ይህ ትል ያለባት ላም የሳንባ ነቀርሳ ቢኖርባትም በነቀርሳው የቆዳ ምርመራ ሳትታወቅ ልታልፍ ትችላለች።

ከባሕር ዳር፦ የጣና ዓሣስ?

አለበት እንጂ። ባርበስ የሚባሉት ትንንሽ ዓሦች ሆድ ውስጥ ነጭ ጥብጣብ የመሰለ ሊጉላ የሚባል ትል ይገኛል። ዓሣውን ያመክነዋል፤ ወደ ውኃው ገጽም ያወጣዋል። እዚያ ዓሣ በል ወፍ ለቀም ታደርገዋለች። ትሉ እንቁላል የሚጥለው ወፏ ሆድ ውስጥ ነው። ተንኮሉን አያችሁ?

ከሞጣ፦ ታዲያ ሁሉንም ብናጠፋ አይሻልም?

ከበረትህ ቀንስ፤ በዱር ግን አይሆንም። እንቁራሪቶች ላይ እንደታየው፣ የትሉ ዓይነት ሲበዛ ጎጂው እንደልቡ አይገባም፤ ቦታውን ሌሎቹ ይዘውበታል።

ከዚያው፦ አልቅትስ?

ኧረ ወንድሜ፣ አልቅት ለብቻው አንድ ማታ ይፈልጋል።