«ወንድሜ እንዲህ አልነበረም፤ እኔም ማስረጃ አልደበቅሁም»

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ወንድሜ የተገደለው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሲሆን ገዳዩም ተፈርዶበታል። ከአራት ወር በፊት አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ብሎ ነገሩን በድራማ አቀረበው። በችሎት ጨርሶ ያልተነሳ የዕፅ ንግድ ለወንድሜ ተለጠፈበት። እኔም በስሜ ተጠርቼ ከፖሊስ ማስረጃ ስደብቅ ታየሁ። መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እህቴ። ያለቀሱለትን ወንድም በማያውቁት መልክ በቴሌቪዥን ማየት ሐዘንን እንደ አዲስ ይቀሰቅሳል።

መራራውን ላስቀድም። በአሜሪካ የስም ማጥፋት ክስ በጥቅሉ የሕያዋን ብቻ ነው። ስለ ሟች የተነገረው ምንም ያህል ሐሰት ቢሆን ቤተሰቡ በእርሱ ስም መክሰስ አይችልም። አገር ቤት ልክሰስ ቢሉም የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2044 የሚጠብቀው በሕይወት ያለን ሰው ነው። ይህን ለሐዘንተኛ መንገር ሁልጊዜ ይከብደኛል፤ ሟቹ ራሱን መከላከል በማይችልበት ቦታ ላይ ሕጉም አብሮ ዝም ይላልና።

እርስዎ ግን በሕይወት አሉ፤ ክሱም እርስዎ በታዩበት ትዕይንት ላይ ይቆማል። ሦስት መርማሪዎችን አንድ ማድረግ፣ የወራትን ምርመራ በሁለት ቀን ማሳጠር፣ ማንም ያልሰማውን ንግግር መፍጠር በእነዚህ ድራማዎች የተለመደ ነው፤ የነገሩ ፍሬ ካልተዛባ ፍርድ ቤቶች ያልፉታል። ሰውን በስሙ ጠርቶ ያልፈጸመውን ወንጀል ፈጽሟል ማለት ግን ከዚህ ጋር አይደመርም።

ጣቢያው «አንዳንድ ትዕይንቶች ልብ ወለድ ናቸው» የሚል ማስታወሻ አሳይቶ ይሆናል። ይህ ብቻውን አያድነውም። እ.ኤ.አ. በ1989 በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ በተፈጸመ ጥቃት ያለ ጥፋታቸው የተፈረደባቸውን አምስት ታዳጊዎች ታሪክ ኔትፍሊክስ በ2019 በድራማ ሲያቀርብ፣ በወቅቱ በማንሃተን ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የወሲብ ወንጀሎች ክፍል ኃላፊ የነበሩት ሊንዳ ፌርስታይን ያላደረግሁት ተለጠፈብኝ ብለው ከሰሱ። ዳኛው በ2023 በአምስት ትዕይንቶች ላይ የቀረበው ክስ በጁሪ (ከተራ ዜጎች በሚመረጡ ፈራጆች) እንዲታይ ፈቀዱ። ሙግቱ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩ፣ በጁን 2024፣ ተስማሙ። ለከሳሿ ገንዘብ አልተከፈለም፤ ኔትፍሊክስ ያለ ጥፋታቸው የታሰሩትን ለሚረዳ ድርጅት 1 ሚሊዮን ዶላር ሊሰጥና ማስታወሻውን ከመዝጊያው ወደ መክፈቻው ሊያመጣ ተስማማ።

በአንጻሩ አንድ የዊስኮንሲን ፖሊስ በችሎት ለአንድ ጥያቄ የመለሰው «አዎ» በዘጋቢ ፊልም ውስጥ ለሌላ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ሆኖ ተቀጥሎበት ከሰሰና በ2023 ተረታ። ከ1964ቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ባለሥልጣን የሆነ ከሳሽ፣ ተከሳሹ ሐሰትነቱን እያወቀ ወይም እውነቱን ከቁም ነገር ሳይቆጥር እንዳሰራጨው ማስረዳት አለበት፤ ፖሊሱ ይህን ማስረዳት አልቻለም። እርስዎ ተራ ዜጋ ስለሆኑ በሜሪላንድ የጣቢያውን ቸልተኝነት ማስረዳት ይበቃዎታል። የችሎቱን መዝገብ ሳያገላብጡ ጽፈውት ከሆነ ቸልተኝነቱ ከዚያ ይጀምራል።

የሚያስፈራኝ ጊዜው ነው። በሜሪላንድ የስም ማጥፋት ይርጋ፣ ማለትም ክስ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ አንድ ዓመት ሲሆን አራቱ ወር አልፏል። የችሎቱን ሙሉ ግልባጭ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ዛሬውኑ ይጠይቁ፤ የድራማውንም ቅጂ ያስቀምጡ። እርስዎ የታዩበትን እያንዳንዱን ደቂቃ ከግልባጩ ገጽ ጎን ለጎን ይጻፉ። በሥራ ቦታዎ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በዕድር «እውነት ደብቀሽ ነበር?» ብሎ የጠየቀዎት ሰው ካለ ስሙንና ቀኑን ይመዝግቡ። ይህን ይዘው በሜሪላንድ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ፤ መጀመሪያ ለጣቢያው የእርማት ጥያቄ በጽሑፍ ያስገባልዎታል። በዚያ ደብዳቤ የወንድምዎም ነገር ይነሳ፤ ክስ ባይሆንለትም እርማት መጠየቅን የሚከለክል ሕግ የለም።