«ራሱን የቻለ» ወይስ «ራሱን የሚያስተዳድር»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ሰው ሳይነካው ችግሩን አይቶ የሚያስተካክል ሲስተም «ራሱን የቻለ» ይባላል ወይስ «ራሱን የሚያስተዳድር»? ተማሪዎቼ ደግሞ ሰርቨር (ለሌሎች ኮምፒውተሮች አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒውተር) እንዲህ ራሱን ሲያስተካክል «ሰርቨሩ ተጠገነ» ይላሉ። ልክ ናቸው?

መልስ፦ «ራሱን የሚያስተዳድር» ይበሉ። «ልጁ ራሱን ቻለ» ስንል ከቤተሰብ እጅ ወጣ ማለታችን ነው። ራሱን የቻለ ግቢም ከጎረቤት የማይጋሩት ግቢ ነው። ስለዚህ «ራሱን የቻለ ሲስተም» የሚለው ብቻውን የቆመ፣ ከሌላ ጋር ያልተያያዘ ያስመስለዋል። እርስዎ የሚሉት ሲስተም ግን ብዙ ሰርቨሮች የተያያዙበት ሊሆን ይችላል።

ሐሳቡ የተወሰደው ከሰውነታችን ነው። የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም በ2001 እ.ኤ.አ. ይዞት ሲነሳ፣ አርአያ ያደረገው ሳናዝዘው የሚሠራውን የነርቭ ሥርዓት ነበር። የድሬ ፀሐይ ሲከር ላብ ይወጣል፤ ከቆዳ ሥር ያሉት የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ የሰውነት ሙቀት ከ37 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ይህን ሁሉ አስበን አናደርገውም። ሲስተሙም ራሱን ይከታተላል፣ ያየውን ይመረምራል፣ ያቅዳል፣ ይፈጽማል፣ ከዚያም መልሶ ይከታተላል። አማርኛ ይህን ሁሉ በአንድ ግስ ልያዝ ካለ «አስተዳደረ» አለው። በጣም የምወደው ግስ ነው።

«ራስ ገዝ» የሚሉም አሉ። እኔ አልመርጠውም። «ገዛ» ሥልጣን ያዘለ ቃል ነው፤ እዚህ ግን ግቡን የሚያወጣው ሰው ነው፣ ሲስተሙ መንገዱን ብቻ ይፈልጋል። ድሬዳዋም ራሷን ታስተዳድራለች፣ ተጠሪነቷ ግን ለፌዴራል መንግሥት ነው። ለድሬ ልጅ ይህ ልዩነት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

በእርግጥ ስለ ሰው ሲሆን «ሻይ ሸጣ ራሷን ታስተዳድራለች» እንላለን፤ ሠርታ ታድራለች ለማለት። ስለ ማሽን ሲነገር ግን ማንም አይሳሳትም።

ወደ ተማሪዎችዎ ልምጣ። «ታጠበ» ወይም «ተላጨ» ሲባል ሰውየው በራሱ ላይ እንዳደረገው ይገባናል። «ተጠገነ» ግን እንደዚያ አይሠራም። ሰሚው ወዲያው «ማን ጠገነው?» ይላል፤ ባለሙያ መጥቶ የነካው ይመስለዋል። ስለዚህ «ሰርቨሩ ራሱን ጠገነ» ይበሉ። «ን» እንዳትወድቅ አደራ! «ሰርቨሩ ራሱ ጠገነ» ካሉ ሌላ ነገር ጠገነ ማለት ይሆናል። የቆመ ፕሮግራም ሰው ሳይነካው እንደገና መሥራት ከጀመረ ደግሞ «በራሱ ተነሳ» ይበቃል።