ዩሮ ከአገር ወደ አገር ሲላክ ባንክ ስንት ይቆርጣል? ጥያቄና መልስ ከአባ ሒሳብ ጋር

አባ ሒሳብ፦ ስትጠይቁ ሦስት ነገር አብራችሁ ጻፉ፤ ከየት አገር ወደ የት አገር፣ ሒሳባችሁ በምን ገንዘብ እንደሆነ፣ በአፕ ነው ወይስ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ። ይህን ሳትጽፉ መልስ አትጠብቁ። ቀኑና ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

የፍራንክፈርቷ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከጀርመን ሮም ላለች እህቴ በአፕ 300 ዩሮ ላክሁ፣ ከዩሮ ሒሳብ። የደረሳት 285 ነው። እኔም ላይ ሌላ 12 ዩሮ ተቆርጧል። ሕግ የለም?

አባ ሒሳብ፦ ሕግማ አለ። የላክሽው ግን በሌላ ፎርም ነው። መንገድ ላይ 15 ዩሮ ከጎደለ ገንዘቡ በሴፓ፣ በአውሮፓ የጋራ የዩሮ መላኪያ ሥርዓት፣ አልሄደም ማለት ነው። በሴፓ ሲላክ መሃል ገብቶ የሚቆርጥ ባንክ የለም፤ የተላከው በሙሉ ይደርሳል። የተቀባዩ ባንክ የራሱ ክፍያ ካለው ለብቻው ለይቶ ማሳየት አለበት። አንቺ የተጠቀምሽው «አውስላንድስኡበርቫይዙንግ» የሚለውን፣ የውጭ አገር መላኪያውን ነው። እሱ በስዊፍት፣ የዓለም ባንኮች መልእክት በሚለዋወጡበት መረብ፣ በኩል ሌላ ባንክ ውስጥ አልፎ ይሄዳል፤ ያም ባንክ ድርሻውን ያነሳል።

ለሴፓ ጣሊያንና ሙኒክ አንድ ናቸው። ተራውን «ሴፓ ኡበርቫይዙንግ» ክፈቺ። የእህትሽን አይባን፣ ዓለም አቀፉን የሒሳብ ቁጥር፣ አስገቢ፤ የጣሊያን አይባን 27 ፊደልና ቁጥር ነው፣ የጀርመን 22። ገንዘቡ ዩሮ ይሁን። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መካከል ቢክ፣ የባንኩን መለያ ኮድ፣ መጠየቅ ከየካቲት 2016 ጀምሮ ቀርቷል፤ አፑ ቢክ ከጠየቀሽ ፎርሙን እንደገና እዪው። ለ12 ዩሮው አቤቱታ ማቅረብ ትችያለሽ፣ ግን ባንኩ «የጠየቅሽው ሌላ አገልግሎት ነው» ይልሻል፣ ክርክሩም ይከብዳል። ስለዚህ ፎርሙን እዩ፣ ገንዘቡን ዩሮ በሉ። ዛሬ ይህን ደጋግሜ እላለሁ።

የሚላኖው፦ ታዲያ በነጻ አይደለም እንዴ? እኔን አፑ ላይ 1 ዩሮ፣ ቅርንጫፍ ስሄድ 5 ዩሮ ያስከፍሉኛል፤ ከጣሊያን ፈረንሳይ።

አባ ሒሳብ፦ በነጻ ያለ የለም፤ ሕጉ የሚለው ወደ ሌላ የኅብረቱ አገር የሚላክ ዩሮ ዋጋው አገር ውስጥ ከሚላከው ጋር እኩል ይሁን ነው። መጀመሪያ በ2001 ወጣ፣ አሁን የሚሠራበት ቁጥር 2021/1230 ነው። ባንክህ ከሚላን ሮም በአፕ 1 ዩሮ ካስከፈለ፣ ከሚላን ፓሪስም በአፕ 1 ዩሮ ነው። የአፑን ከአፑ፣ የቅርንጫፉን ከቅርንጫፉ ጋር አወዳድር። ቅርንጫፍ ውድ መሆኑ ሕግ መጣስ አይደለም።

እንግዳ 77፦ ባንክ ቆረጠብኝ። ምን ላድርግ?

አባ ሒሳብ፦ ከየት ወደ የት? በምን? ከላይ የጻፍኩትን አንብብ።

የስቶክሆልሙ፦ ከስዊድን ክሮና ሒሳብ ወደ ኔዘርላንድ ዩሮ በአፕ እልካለሁ። ኮሚሽን ዜሮ ይላል፣ ግን ሁሌ ከማሰላው በላይ ይወጣል።

አባ ሒሳብ፦ ጥሩ ጥያቄ። ከታኅሣሥ 15 ቀን 2019 ወዲህ ዩሮ የማይጠቀሙ የኅብረቱ አገሮች ባንኮችም ለሚላክ ዩሮ የሚያስከፍሉት በራሳቸው ገንዘብ አገር ውስጥ ከሚላከው ጋር እኩል መሆን አለበት። ኮሚሽኑ ዜሮ የሆነው ለዚህ ነው። ትርፉ ያለው ምንዛሪው ላይ ነው። ከመፈረምህ በፊት ባንኩ የምንዛሪውን ወጪና ከሒሳብህ የሚወጣውን ድምር ሊያሳይህ ግዴታ አለበት። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ በየሥራ ቀኑ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ (በፈረንጅ 16፡00) የሚያወጣውን ተመን ክፈትና አነጻጽር። ልዩነቱ 1.5 በመቶ ከሆነ ከ1,000 ዩሮ ላይ 15 ዩሮ ሄደ ማለት ነው፤ ማንም ኮሚሽን ብሎ አይጠራውም። በተደጋጋሚ የምትልክ ከሆነ የዩሮ ሒሳብ ክፈት። «የሚላከው ገንዘብ» የሚለው ቦታ ላይ ክሮና ከመረጥክ ከሴፓ ወጣህ። ገንዘቡን ዩሮ በሉ!

የዙሪኳ፦ ስዊዘርላንድም ሴፓ ውስጥ ናት። ለእኛም እኩል ዋጋ ይገባናል ማለት ነው።

የለንደኑ፦ ሴፓ ሌላ፣ ሕጉ ሌላ። እንግሊዝም ከኅብረቱ ወጥታ ሴፓ ውስጥ ቀርታለች፤ የእኩል ዋጋው ሕግ ግን አይመለከታትም።

የዙሪኳ፦ የሚልክልኝ ባንክ ያለው ጀርመን ከሆነስ? ጀርመን ሕጉ ውስጥ ናት።

የለንደኑ፦ ገንዘቡ ከኅብረቱ ከወጣ ያው ነው።

የዙሪኳ፦ እንግዲያው ድንበር ላይ ወዳለችው የጀርመን ከተማ ኮንስታንስ ተሻግሬ ሒሳብ ብከፍት ይሻለኛል። እዚህማ ሁሉም ነገር እሳት ነው፣ የጤና መድኑ ብቻ…

አባ ሒሳብ፦ መድኑን ሌላ ቦታ ተነጋገሩበት። የለንደኑ ልክ ነው። በሴፓ መላክ ይቻላል፣ ዋጋውን ግን ባንኩ ይወስናል። ቢክና የላኪ አድራሻም ሊጠየቅ ይችላል።

የብራስልሱ፦ ለእድር መዋጮ ከቤልጂየም ወደ ጀርመን ገንዘብ ስልክ አፑ «ስሙ አይመሳሰልም» ይላል። ገንዘብ ያዣችን ደግሞ አይባኑ ትክክል ነው ይላሉ።

አባ ሒሳብ፦ ይህ እኛን ከማንም በላይ የሚመለከት ነው፣ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ከጥቅምት 9 ቀን 2025 ጀምሮ በዩሮ አገሮች ያሉ ባንኮች ከመላክህ በፊት የተቀባዩን ስም ከአይባኑ ጋር ያመሳክራሉ፣ ያለ ክፍያ። «ይመሳሰላል»፣ «ይቀራረባል»፣ «አይመሳሰልም» ወይም «ማመሳከር አልተቻለም» ይልሃል። ሲቀራረብ ትክክለኛውን ስም ያሳይሃል፤ ጨርሶ ካልተመሳሰለ አያሳይህም።

የእኛ ስም የሚሳሳትባቸው መንገዶች ይታወቃሉ። ኃይለ ሚካኤል አንዱ ጋ አንድ ቃል፣ ሌላው ጋ ሁለት ቃል ሆኖ ይጻፋል። ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ከገባ ባንኩም ያንኑ ይይዛል፤ አንተ በአባት ስም ትልካለህ። ተስፋዬ በላቲን ሲጻፍ መጨረሻው ላይ አንድ ፊደል ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። እድር ከሆነ ሒሳቡ በማን ስም ተመዘገበ? በገንዘብ ያዡ ስም ከሆነ «እድር» ብሎ መጻፍ አይሠራም። መፍትሔው ገንዘብ ያዡ ከባንክ መግለጫቸው ላይ የተጻፈውን ስም ፊደል በፊደል ለአባላት መላክ ነው። «አይመሳሰልም» ሲል በጭፍን አትለፉት፤ ማስጠንቀቂያውን አልፋችሁ ገንዘቡ ለሌላ ሰው ከገባ ኃላፊነቱ የእናንተ ነው።

የብራስልሱ፦ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ በአማርኛ ብጽፍስ?

አባ ሒሳብ፦ አይሆንም። የላቲን ፊደል ብቻ፣ እስከ 140 ድረስ።

የሊዮኗ፦ አሠሪዬ ደመወዝ በሊትዌኒያ አይባን አንከፍልም አለ። የምሠራው ፈረንሳይ ነው።

አባ ሒሳብ፦ አይችልም። የ2012ቱ ደንብ ቁጥር 260 አንቀጽ 9 አይባኑ የየትኛው የኅብረቱ አገር መሆን እንዳለበት ከፋይ እንዲወስን አይፈቅድም። አንቀጹን ጠቅሰሽ በጽሑፍ ጠይቂ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበይ። እምቢ ካሉ ለአገሩ ተቆጣጣሪ አቤት በይ። ጀርመን ላላችሁ አቤቱታውን «ቬትበቨርብስሴንትራለ» የሚባለው የፍትሐዊ ውድድር ጠባቂ ማኅበር ይቀበላል።

እንግዳ 77፦ ከጀርመን ወደ ኦስትሪያ። ቆረጠብኝ።

አባ ሒሳብ፦ በየትኛው ፎርም? ገንዘቡ ዩሮ ነው? ለፍራንክፈርቷ የመለስኩትን አንብብ፣ አልደግመውም።

ሌላ እንግዳ፦ ጥያቄ አለኝ፤ ወደ አዲስ አበባስ?

አባ ሒሳብ፦ ኢትዮጵያ ሴፓ ውስጥ የለችም። ሌላ ርዕስ ነው።

የሚላኖው፦ በፈጣኑ መላኪያ ለተሳሳተ ሰው ብልክ ይመለሳል?

አባ ሒሳብ፦ በ10 ሴኮንድ ይደርሳል፣ መሰረዝ የለም። አንድ ቁጥር ብትስት አይባኑ ራሱ ይይዝሃል፤ ከአገሩ ፊደሎች ቀጥሎ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ሥራቸው ይኸው ነው። የሌላ ሰው ትክክለኛ አይባን ከገለበጥክ ግን አያድኑህም። ባንክህ ለማስመለስ ይሞክራል፣ ለዚህም ሊያስከፍልህ ይችላል። ተቀባዩ እምቢ ካለ ለክስ የሚያስፈልግህን መረጃ እንዲሰጥህ በጽሑፍ ጠይቅ። የፈጣኑ ዋጋ ደግሞ በዩሮ አገሮች ከተራው መብለጥ አይችልም፤ ተጨማሪ ካስከፈሉህ አቤት በል።

የፍራንክፈርቷ፦ ተራውን ሐሙስ ማታ ብልክ መቼ ይደርሳል?

አባ ሒሳብ፦ የባንክሽ መዝጊያ ሰዓት ካለፈ ዓርብ እንደገባ ይቆጠራል፣ በሚቀጥለው የሥራ ቀን ማለቂያ ድረስ ይደርሳል፤ ሰኞ ማለት ነው። ቅዳሜና እሑድ አይቆጠሩም። የፈረንጆች ስቅለትና የፋሲካቸው ማግስት ሰኞም ዝግ ነው፣ ከእኛ ጋር አብዛኛውን ጊዜ ስለማይገጥም ብዙ ሰው ይረሳዋል። የቤት ኪራይ ከሆነ በፈጣኑ ላኪ።