ወገባችሁን አትፍሩት

ይድረስ ለእናንተ ለልጆቼ፣

የፊዚዮቴራፒ ሥራ ስጀምር "ወገቤን" ብሎ የሚመጣው ሰው በአብዛኛው ዕድሜው የገፋ፣ አለዚያም ኩንታል ሲሸከም የኖረ የጉልበት ሠራተኛ ነበር። ወደ ጡረታ ስቃረብ ግን ወረፋውን የያዙት የእናንተ እኩዮች ሆኑ። ባንክ ቤት ኮምፒውተር ላይ ተተክለው የሚውሉ፣ ለፈተና ሲያጠኑ የሚያነጉ፣ ባጃጅና ታክሲ የሚያሽከረክሩ ናቸው። ብዙዎቹ ገና ወንበር ሳይስቡ ትልቁን የኤምአርአይ (የአከርካሪ ምስል) ፖስታ ይዘረጉልኛል። "ሁለት ዲስክ ወጥቷል፤ ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳታነሳ ተብዬአለሁ" ይላሉ። እኔን ከሕመሙ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ያ ፖስታ ነው።

ስለ ፖስታው እንነጋገር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ጥናት ምንም ሕመም የሌለባቸውን ከ3,000 በላይ ሰዎች የአከርካሪ ምስል ሰብስቦ ተመልክቶ ነበር። ወገባቸውን ከማያማቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶው ዲስካቸው ማርጀት ጀምሯል፤ 30 በመቶው ደግሞ ወደ ውጭ ገፋ ያለ ዲስክ ተገኝቶባቸዋል። 80 ዓመት የሞላቸው ዘንድ ሲደርስ ማርጀቱ 96 በመቶ ይሆናል። ይህ ማለት መንገድ ላይ እየሳቁ የሚሄዱትን ጓደኞቻችሁን አስቁማችሁ ምስል ብታስነሱ ብዙዎቹ የእናንተን የሚመስል ወረቀት ይዘው ይመለሳሉ። ምስሉ ውሸት አይናገርም። ነገር ግን ከሕመማችሁ ጋር ምን እንደሚያገናኘው የሚታወቀው አንድ ባለሙያ እግራችሁን ፈትሾ፣ ስሜቱንና ጉልበቱን ለክቶ ሲያስተያየው ብቻ ነው። ሳይፈተሹ በብዙ ሺህ ብር ምስል መነሣት ለእኔ ገንዘብ ከፍሎ ፍርሃት መግዛት ነው።

ዲስክ ምን እንደሆነ በአጭሩ ልንገራችሁ። አንገት 7፣ የላይኛው ጀርባ 12፣ ወገብ ደግሞ 5 አጥንቶች አሉት። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክ ውጩ ጠንካራ ቀለበት፣ ውስጡ ልል ነው። ቀለበቱ ሲሰነጠቅ ውስጡ ያለው ይወጣና በአጠገቡ የሚያልፈውን የነርቭ ሥር ይነካል። ያን ጊዜ ሕመሙ ከመቀመጫ ተነሥቶ በታፋ በኩል ከጉልበት በታች ይወርዳል፣ ያነዝራል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ቀላል ሕመም ነው አልላችሁም። ሆኖም ሰውነት የወጣውን ቁራጭ ቀስ በቀስ ራሱ ያሟሟዋል፤ የሚገርመው፣ ጨርሶ የወጣው ትልቁ ቁራጭ በጥቂቱ ካበጠው ይልቅ የመጥፋት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። አብዛኛው ሰው ያለ ቢላ በ6 እና በ12 ሳምንት መካከል በግልጽ ይሻለዋል።

በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን ምን ይደረግ? ቤተሰብ ወዲያው "ጣውላ ላይ ተኛ፣ እንዳትንቀሳቀስ" ይላል። አንዳንድ ሐኪምም ሲል ሰምቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1995 በፊንላንድ ሄልሲንኪ ወገባቸው ድንገት የያዛቸውን ሠራተኞች በሦስት ከፍለው አስተያይተው ነበር። አንዱ ቡድን ሁለት ቀን ተኛ፣ ሌላው የጀርባ እንቅስቃሴ ተሰጠው፣ ሦስተኛው ሕመሙ በፈቀደለት መጠን የዘወትር ኑሮውን ቀጠለ። ቶሎ የዳነው ሦስተኛው ነው፤ በጣም የዘገየው የተኛው። ጣውላውንም ተዉት። በስፔን እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት የቆየ የወገብ ሕመም ላለበት ሰው ከጠንካራ ፍራሽ ይልቅ መካከለኛው እንደሚሻል አሳይቷል። የመጀመሪያውን ቀን በጎናችሁ ተኝታችሁ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ፣ በጉልበቶቻችሁ መካከል ትራስ አድርጋችሁ እረፉ። ከዚያ ተነሡና ግቢ ውስጥም ቢሆን ተራመዱ።

"ብርድ መቶኝ ነው" በሚሉት ላይ አልስቅም። ሙቅ ውኃ በላስቲክ ወይም የሞቀ ጨርቅ የተኮማተረ ጡንቻን በእርግጥ ያላላል፤ ዋጋውም ምንም ነው። የምቃወመው መርፌውን ነው። ያለ ማዘዣ ፋርማሲ ገብቶ "ዳይክሎፌናክ ውጉኝ" ማለት ልማድ ሆኗል። ለጥቂት ቀን እንደሚያስታግስ አልክድም። በየሳምንቱ ሲወጉት ግን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ትራማዶል የሚባለው ማስታገሻማ ሱስ የሚያስይዝ ነው፤ ከመካከላችሁ ስንቱን እንደወሰደ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 መጨረሻ ስለ ቆየ የወገብ ሕመም መመሪያ ሲያወጣ እንደ ትራማዶል ያሉ መድኃኒቶችን፣ የወገብ ቀበቶንና አከርካሪን በማሽን መጎተትን ለአብዛኛው ታማሚ አይመከርም ብሏል። ያ ድርጅት በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው ወገቡን እንደሚያመው ይናገራል፤ ስለዚህ ብቻዬን ነኝ ብላችሁ አትተክዙ።

ወጌሻንም አልነቅፍም፤ ውልቃት ሲመልስ ያየሁት አለ። አንገትን ድንገት ማጣመም ግን ሌላ ነገር ነው። ፀጉር ቤት ከመላጨት በኋላ አንገታችሁን ይዞ "ቀጭ" የሚያደርገውን ልጅ በትሕትና እጁን መልሱለት። እምብዛም ባያጋጥምም በአንገት አጥንት ውስጥ የሚያልፍ የደም ሥር ተሰንጥቆ አንጎል ላይ አደጋ ሊያደርስ ይችላል።

አንገት ካነሳሁ ስልክን ላንሳ። በቴሌግራም የምትቀባበሉት ሥዕል አለ፤ አንገቱን ባጎነበሰ ሰው ላይ 27 ኪሎ የተጫነበት። ምንጩ እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ የኒው ዮርክ የአከርካሪ ሐኪም በሞዴል የሠራው ስሌት ነው፤ አምስት ኪሎ ያህል የሚሆነው ጭንቅላት 60 ዲግሪ ሲያዘነብል ያን ያህል ይከብዳል ይላል። በሰው አንገት ላይ የተለካ አይደለም። ከዚያ ወዲህ አጎነባበስን ከሕመም ጋር ያስተያዩ ጥናቶችም ግንኙነቱ የተወራለትን ያህል ሆኖ አላገኙትም። እኔ የማየው ጥፋት መጎንበሱ ሳይሆን ሳይንቀሳቀሱ መቆየቱ ነው። ሽሮ ሜዳ ጉድጓድ ዕቃ ላይ ተቀምጠው ሲሸምኑ የሚውሉ ሸማኔዎች፣ በርጫ ላይ በአንድ ክርናቸው ተደግፈው የሚያመሹ፣ ቀጥ ብለው ለስድስት ሰዓት ኮምፒውተር የሚያዩ፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ሕመም ይመጣሉ። የማኅሌት ሊቃውንትን ልብ ብላችሁ እዩ። ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ያድራሉ፤ ነገር ግን መቋሚያውን ይደገፋሉ፣ እግር ይቀያይራሉ፣ በወረቡ ይወዛወዛሉ። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሡ። ስልክ ሲደወልላችሁ እየተራመዳችሁ አውሩ። ስክሪኑን ወደ ዓይናችሁ ከፍ አድርጉት፤ ላፕቶፕ ከሆነ ከሥሩ ሦስት ወፍራም መጽሐፍ ይበቃዋል።

መከላከያ የሚባለውን ከጠየቃችሁኝ ደግሞ በርካሹ እጀምራለሁ። በ2024 አውስትራሊያ ውስጥ ከወገብ ሕመም በቅርቡ የዳኑ 701 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ወጥቷል። ቀስ በቀስ እያሳደጉ በሳምንት አምስት ቀን እስከ 30 ደቂቃ መራመድን የለመዱት ሕመሙ እስኪመለስባቸው የቆየው ጊዜ በመካከለኛ ግምት 208 ቀን ሲሆን፣ ይህ ያልተሰጣቸው ደግሞ 112 ቀን ነው። ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀደም ብላችሁ ብትወርዱ ግማሹ ተሞላ። በዚያ ላይ ማታ ማታ ጀርባችሁን መሬት ላይ አሳርፋችሁ፣ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ መቀመጫችሁን ከመሬት አንሡ፤ አምስት እስክትቆጥሩ ይዛችሁ አውርዱት፣ አሥር ጊዜ። ለአንገት ደግሞ ግድግዳ ተደግፋችሁ አገጫችሁን ወደ ጉሮሯችሁ ሳብ አድርጉ፣ ትከሻችሁን ወደ ኋላ ሰብስቡ። ከዚህ በላይ ጂም ብትገቡ ደስ ይለኛል፤ ክብደት ማንሣት ወገብን ያጠነክራል እንጂ አያፈርሰውም፣ ከትንሹ ተነሥታችሁ ከጨመራችሁ።

ውኃ የምትቀዱ እኅቶች፣ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ሁለት 10 ሊትር ካለ ግራና ቀኝ ያዙት። ዓረብ አገር ወይም አሜሪካ አረጋውያን የምታነሡ ደግሞ ብቻችሁን ከአልጋ አታንሡ፤ አልጋው ከፍ የሚል ከሆነ አስቀድሙና ከፍ አድርጉት፣ ሰውየውን ወደ ሰውነታችሁ አስጠጉ።

ስለ ጭንቀትም አንድ ነገር፦ ሥራ አጥታችሁ፣ እንቅልፍ አጥታችሁ፣ ኪራይ ተጨምሮባችሁ የሚያማችሁ ወገብ በውሸት አያማችሁም። ነርቭ ሲደክምና ሲፈራ ትንሿን ሕመም ያጎላል። እንቅልፍን ማስተካከል ሕክምና ነው፤ ሲጋራን መተውም እንደዚያው፣ የዲስክን እርጅና ያፋጥናልና።

አሁን ወደምታስፈራኝ ዝርዝር ልምጣ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ በመቀመጫችሁና በብልታችሁ ዙሪያ ከደነዘዛችሁ፣ እግር መጎተት ከጀመረ ነገ አትበሉ፤ በዚያችው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ከወገብ ሕመም ጋር ከመጡ ደግሞ አገራችን ናትና የአከርካሪ ቲቢን አስቡ። ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ይሰጣል፤ ዘግይቶ የመጣ ግን ጎብጦ ወይም እግሩ ዝሎ ሊቀር ይችላል። ጥሬ ወተት የሚጠጣ ሰው ላይ ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት የሚተላለፍ በሽታም እንዲሁ ያታልላል። እንደ እናንተ ባለ ዕድሜ ደግሞ ጠዋት ተነሥቶ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚደርቅ፣ ሲያርፉ የሚብስ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚሻል፣ ከሦስት ወር ያለፈ ሕመም ከሆነ የመገጣጠሚያ ሐኪም ይየው፤ መድኃኒት ያለው በሽታ ነው።

ሁዳዴ ሲመጣ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ ጥያቄ አለ፦ "ወገቤን እያመመኝ መስገድ እችላለሁ?" አዎን፣ ስገዱ። በመጀመሪያው ሳምንት ቁጥሩን አሳንሱት፤ ስትወርዱ ጉልበታችሁን አጥፉ፣ ስትነሡ እጃችሁን ታፋችሁ ላይ ደግፉ። በወገብ ላይ ጥቂት ማመሙ ችግር የለውም። ሕመሙ ወደ እግራችሁ መውረድ ከጀመረ ግን የዚያን ቀን አቁሙና ቆማችሁ ጸልዩ፤ ሲረጋላችሁ በጥቂቱ ጀምራችሁ ጨምሩ።