ባክቴሪያ ካለበት በአንቲባዮቲክ ለምን አይድንም?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለጤና ዓምድ አዘጋጅ። የ22 ዓመት ልጄ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ከአንድ ዓመት በላይ ሲመላለስባት፣ በየጊዜው አሜባ ነው እየተባለ መድኃኒት ስትወስድ ከረመች። በቅርቡ በኮሎኖስኮፒ (አንጀትን ከውስጥ በሚያይ ካሜራ) ስትመረመር አልሰረቲቭ ኮላይትስ የሚባል የትልቁ አንጀት ሕመም እንዳለባት ተነገረን። ሐኪሙ ሕመሙ ከአንጀት ባክቴሪያዎች ጋር ግንኙነት አለው፣ ኢንፌክሽን ግን አይደለም ብሎ ሲያስረዳን ግራ ገባኝ። ባክቴሪያ ካለበት በአንቲባዮቲክ ለምን አይድንም? ለእኛስ አይተላለፍም ወይ? ጎረቤቶቼ ደግሞ እርጎና አብሽ ስጪያት ይሉኛል። (አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የሚያስጨንቅዎትን ላስቀድም፤ ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከልጅዎ ጋር በአንድ ማዕድ መብላትም ሆነ እርሷን ማስታመም ለቤተሰቡ ስጋት አይሆንም።

ሐኪሙ የነገራችሁ እውነት ነው። ግራ የሚያጋባን፣ ባክቴሪያ የሚለውን ቃል ከበሽታ ጋር ብቻ አያይዘን ስለለመድነው ይመስለኛል። በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ 38 ትሪሊዮን ያህል ባክቴሪያዎች እንደሚኖሩ ይገመታል፤ አብዛኞቹ ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ሲሆን፣ ሁሉም ተሰብስበው ቢመዘኑ ሩብ ኪሎ እንኳ አይሞሉም። እኛ መፍጨት የሚያቅተንን የጥራጥሬና የጎመን አሰር እነርሱ ያብላሉታል፤ ከዚያም ቡቲሬት የሚባል አሲድ ይወጣል፤ የትልቁ አንጀት የውስጥ ሽፋን ሴሎችም ከሚያስፈልጋቸው ኃይል አብዛኛውን የሚያገኙት ከዚሁ አሲድ ነው። በልጅዎ አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም ከውጭ የመጡ ወራሪዎች ሳይሆኑ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አብረዋት የኖሩ ነባር ነዋሪዎች ናቸው።

ጤናማ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት እነዚህን ነዋሪዎች በንፍጥ ሽፋን ከአንጀቱ ግድግዳ አርቆ ያቆያቸዋል እንጂ አይዘምትባቸውም። በአልሰረቲቭ ኮላይትስና የቅርብ ዘመዱ በሆነው በክሮንስ ሕመም ግን ይህ ስምምነት ይፈርሳል፤ መከላከያው ነባሮቹን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይተኩስባቸዋል፤ በመካከል የሚቆስለው ራሱ አንጀቱ ነው። ለዚህ ማስረጃው ከሁለት አቅጣጫ መጥቷል። ኢንተርሉኪን 10 የተባለውን፣ ብግነትን የሚያበርድ ንጥረ ነገር እንዳያመነጩ የተደረጉ አይጦች እንደ ማንኛውም አይጥ ሲያድጉ አንጀታቸው ይቆስላል፤ አንድም ባክቴሪያ በሌለበት ክፍል ውስጥ ሲያድጉ ግን አይቆስልም። በቤልጂየም የሉቨን ሐኪሞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ጥናት፣ የክሮንስ ሕሙማን የታመመው የአንጀት ክፍል ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ምግብና ዓይነ ምድር በአዲሱ መጋጠሚያ እንዳያልፍ ሲደረግ ሕመሙ በዚያ ስፍራ እንዳላገረሸ አሳይተዋል፤ ኋላም በጥቂት ሕሙማን ላይ የአንጀቱ ይዘት ወደዚያው ክፍል እንዲገባ ሲደረግ ብግነቱ በቀናት ውስጥ መታየት ጀመረ።

ታዲያ ጥፋተኛው አንድ የታወቀ ባክቴሪያ ነውን? አይደለም። የክሮንስ ሕመም በኒውዮርኩ ማውንት ሲናይ ሆስፒታል ሐኪም በበሪል ክሮንና በሁለት ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1932 ከተገለጸበት ጊዜ ጀምሮ፣ ቲቢን የቲቢ ጀርም እንደሚያመጣው ሁሉ ይህንንም የሚያመጣ አንድ ጀርም ብዙዎች ሲፈልጉ ኖረዋል፤ በሁሉም ሕሙማን ዘንድ የሚገኝ ጥፋተኛ ግን አልተገኘም። የተገኘው የአንጀት ባክቴሪያዎቹ ማኅበር መናጋት ነው። የሕሙማኑ የባክቴሪያ ዝርያዎች ቁጥር ይቀንሳል፤ ቡቲሬት ከሚያመርቱት ዋነኛ የሆነው ፊካሊባክቴሪየም ፕራውስኒትዚ በተለይ በክሮንስ ሕሙማን ዘንድ ይመነምናል፤ በአንጻሩ እነ ኢ ኮላይ ይበዛሉ። የትኛው ቀድሞ እንደሚመጣ ግን ገና ያከራክራል፤ ምክንያቱም የቆሰለ አንጀት ራሱ ብዙ ኦክስጅን ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ፣ ኦክስጅን የሚገድላቸውን ጠቃሚዎቹን አጥፍቶ ኦክስጅን የሚስማማቸውን ያበዛል። እ.ኤ.አ. በ2001 ኖድ2 የተባለው ዘረመል ከክሮንስ ጋር ግንኙነት እንዳለው ሲታወቅም ሥራው የባክቴሪያን ግድግዳ ስባሪ መለየት ሆኖ ተገኘ፤ ሆኖም የተለወጠውን ዘረመል ከሚሸከሙት ሰዎች አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን አይታመሙም።

እንግዲህ አንቲባዮቲክ ለምን እንደማይፈውስ ከዚህ ይታያል። ስህተቱ ያለው በመከላከያ ሥርዓቱ ዘንድ ስለሆነ፣ መድኃኒቱ ነዋሪዎቹን ለጊዜው ቢቀንሳቸውም ሲቆም እንደገና ይበዛሉ፤ ከሁሉ በፊት የሚያልቁትም ብዙ ጊዜ የምንፈልጋቸው ናቸው። ከዚህም ሌላ፣ ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲሌ የተባለው አደገኛ ባክቴሪያ ክፍት ቦታ ያገኛል፤ የዚህ ዓይነት ሕሙማን ደግሞ ለእርሱ ከሌላው ሰው ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። በክሮንስ ሕመም መግል ሲቋጥር ወይም በፊንጢጣ ዙሪያ ፊስቱላ (ከአንጀት ወደ ቆዳ የሚወጣ ያልተለመደ ቀዳዳ) ሲፈጠር ሜትሮኒዳዞልና ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባሉት አንቲባዮቲኮች ቦታ አላቸው፤ ለልጅዎ ሕመም ግን የዘወትር ሕክምና አይደሉም።

ስለ አሜባው አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በማይክሮስኮፕ ብቻ በሚደረግ የሰገራ ምርመራ፣ በሽታ የሚያመጣውን አሜባና ምንም ጉዳት የሌለውን መንትያውን መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ «አሜባ አለ» የሚለው ወረቀት ብቻውን ደም ያለበትን የወራት ተቅማጥ አያብራራም። ይህን ስል ግን አሜባንና የአንጀት ቲቢን ችላ እንበል ማለቴ አይደለም። በአገራችን ሁለቱም እውነተኛ በሽታዎች ናቸው፤ የአንጀት ቲቢ ክሮንስን እስኪያሳስት ድረስ ይመስለዋል፤ ሁለቱ ሳይጣሩ መከላከያን የሚያዳክመው ስቴሮይድ ቢጀመር ደግሞ ሕመምተኛው ለሞት ሊዳረግ ይችላል። ሐኪሙ ከኮሎኖስኮፒው ናሙና ወስዶ ምርመራ ካዘዘ፣ የደረት ራጅም ከጠየቀ፣ መዘግየቱ ለጥንቃቄ መሆኑን ይረዱለት። መድኃኒቱ ሜሳላዚን ወይም ሰልፋሳላዚን ከሆነ ደግሞ ልጅዎ ደህና ስትሆን እንዳታቋርጠው ይጠንቀቁ፤ ሕመሙ የሚያገረሸው ብዙ ጊዜ ያኔ ነውና።

እርጎን በተመለከተ ነገሩ እንደ ባክቴሪያው ዓይነት ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1917 አልፍሬድ ኒስል የተባሉ ጀርመናዊ ሐኪም፣ ጓደኞቹ በተቅማጥ ሲታመሙ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ አንድ ወታደር ሰገራ ውስጥ የለዩት የኢ ኮላይ ዘር ዛሬም በእንክብል ይሸጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናትም ደህና የሆኑ የአልሰረቲቭ ኮላይትስ ሕሙማን እንዳያገረሽባቸው በመጠበቅ ረገድ ከሜሳላዚን ጋር ተቀራራቢ ውጤት አሳይቷል። ይህ ግን የአንድ ዘር ውጤት ስለሆነ ለእርጎ ሁሉ አይሠራም። እርጎ ከተስማማት ትጠጣ፤ ነገር ግን መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ከጀመረች ካልተፈላ ወተት የተሠራ አይሁን፤ ጥሬ ሥጋም ይቅርባት። እንጀራችን የቦካ ስለሆነ ጠቃሚ ባክቴሪያ ይሰጣል የሚሉም አሉ፤ ይሁን እንጂ የእርሾው ባክቴሪያዎች ምጣዱ ላይ ያልቃሉ፤ የእንጀራ ጥቅም አሰሩ ነው። አብሽ መድኃኒቱን አይተካም፤ ሕመሙ በተነሣባት ሰሞን ሆዷን የሚነፋት ከሆነም ይቆይላት።

ጥያቄ፦ ወላጆቼ እ.ኤ.አ. በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል የገቡ ናቸው። እናቴ እንዲህ ያለ በሽታ በጎንደር ሰምታ እንደማታውቅ ትናገራለች። እዚህ የተወለደው ታናሽ ወንድሜ ግን በክሮንስ ታሟል። ምክንያቱ ምን ይሆን? (ከኔታንያ)

መልስ፦ የእናትዎ ትዝብት ከጥናቶች ጋር ይስማማል። በእስራኤል የተደረጉ ጥናቶች ሕመሙ ከኢትዮጵያ በመጡ ሰዎች ዘንድ ከሌላው የአገሪቱ ነዋሪ ይልቅ ብርቅ እንደነበር፣ የታመሙትም በአብዛኛው የታመሙት በእስራኤል ዓመታት ከኖሩ በኋላ እንደሆነ አሳይተዋል። ዘር በአንድ ትውልድ አይለወጥም፤ የሚለወጠው አኗኗር ነው፤ ከአኗኗር ጋር ደግሞ የአንጀት ነዋሪዎች ይለወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ወደ አሜሪካዋ ሚኒሶታ የሄዱ የሞንግና የካረን ሴቶች በገቡ በወራት ውስጥ የአንጀት ባክቴሪያዎቻቸው ዓይነት መቀነስ እንደጀመረ፣ አሰር የሚያብላሉትም እየጠፉ እንደሄዱ ታይቷል፤ እዚያ በተወለዱት ልጆች ዘንድ መቀነሱ የባሰ ነበር። በሕፃንነት ደጋግሞ የሚወሰድ አንቲባዮቲክና በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብም ከሕመሙ ጋር ግንኙነት እንዳላቸው የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ። ይሁንና ማንም ቤተሰብ ልጃችንን ያሳመምነው እኛ ነን ብሎ ራሱን ሊወቅስ አይገባም። በሌላ በኩል፣ በጎንደር ገጠር ኮሎኖስኮፒ ስላልነበረ አንዳንዱ ሕመምተኛ ተቅማጥ ወይም ቲቢ ተብሎ አልፎ ሊሆን እንደሚችል ማስታወስ ይገባል። ወንድምዎ የሚያጨስ ከሆነ ግን ያለ ማመንታት ይተው፤ ሲጋራ ክሮንስን እንደሚያባብስ የተረጋገጠ ነው።

ጥያቄ፦ የጤነኛ ሰው ሰገራ ወደ ሕመምተኛ አንጀት ገብቶ ያድናል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ለሚመላለስ የክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲሌ ሕመም በእርግጥ ያድናል። ለአልሰረቲቭ ኮላይትስ ግን ውጤቱ የተደባለቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በካናዳ በተደረገ ሙከራ ከታከሙት 24 በመቶ፣ ማስመሰያ (መድኃኒትነት የሌለው ነገር) ከተሰጣቸው ደግሞ 5 በመቶ ሕመሙ ጋብ ብሎላቸዋል፤ በዚያው ዓመት የወጣው የአምስተርዳም ሙከራ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። በካናዳው ሙከራ ከተሻላቸው አብዛኞቹ የአንድ ለጋሽ ሰገራ የተሰጣቸው መሆናቸው ለጋሹ ማን እንደሆነ ትልቅ ልዩነት ሳያመጣ እንደማይቀር ጠቁሟል። ለክሮንስ ያለው ማስረጃ ከዚህም ያነሰ ነው። በቤት ውስጥ በራስ መሞከር ግን ፈጽሞ የማይገባ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ በሚገባ ካልተመረመረ ለጋሽ በተወሰደ ሰገራ መድኃኒት የተላመደ ኢ ኮላይ ተላልፎ አንድ ሕመምተኛ መሞቱን አሳውቋል።